ስኳር ለማይበላ ሰው የሚሆን የኬክ ክሬም

በኮልፌ አጣና ተራ አቅራቢያ በሚገኝ አንድ የንግድ ቤት በጸሐፊነት ማገልገል ከጀመርሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አሠሪዬ በዕድሜ ከሰባ ያለፉ ነጋዴ ሲሆኑ፣ የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ከታወቀ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗል። ከደብዳቤውና ከደረሰኙ ሌላ የእሳቸውን የደም ስኳር መለኪያ ደብተር የምጽፍ እኔ ነኝ፤ ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎች የማቀርበው ጽሑፍም የተነሣው ከዚሁ ደብተር ነው።

አምና በጥር ወር ልጆቻቸው የአባታቸውን 70ኛ ዓመት የልደት በዓል ለማክበር አስበው ለአንድ ኬክ ቤት ስኳር የሌለበት ኬክ አዘዙ። የኬክ ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም። በአገራችን ልማድ ድፎ ዳቦ ሲቀርብ መርቆ የሚቆርሰው ሽማግሌ እንደ ሆነ ሁሉ፣ በዛሬው ጊዜ ኬክም ሲቀርብ ቢላዋው የሚሰጠው ለባለ በዓሉ ወይም በቤቱ ላለው ታላቅ ሰው ነው፤ የቆረሰው ሰው ሳይቀምስ ቢቀር ደግሞ ቤቱ ሁሉ ቅር ይለዋል። ጋሼ ለአሥር ዓመት በየሰርጉና በየክርስትናው ሲቆርሱ ኖረው የራሳቸውን ድርሻ አጠገባቸው ለተቀመጠ ሕፃን ሲሰጡ አይቻለሁ። በዚያ ቀን ግን «ይኸ ለእርስዎ ተብሎ የተሠራ ነው» ስለ ተባሉ ሁለት ቁራጭ በደስታ በሉ። ጠዋት 131 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር የነበረው የደም ስኳራቸው ማታ ሲለካ 318 ሆነ። ሌሊቱን ውሃ ሲጠጡና ሲመላለሱ አነጉ።

በማግስቱ ለኬክ ቤቱ ስልክ የደወልሁት እኔ ነበርሁ። ባለቤቱ ምንም አልደበቁኝም። «እኛ ስኳር የሚባል ነገር አላስገባንበትም፤ ክሬሙን የሠራነው በንጹሕ ማርና በጣሳ ወተት ነው» አሉኝ። ይህንንም የተናገሩት በኩራት ነበር። ሰውዬው ሊያታልሉን እንዳልፈለጉ ገባኝ፤ የሚሸጡትን ዕቃ ግን አላወቁትም። የዕቃ ዕውቀት ከነጋዴ የሚፈለግ ነገር ስለ ሆነ፣ ጉዳዩ በዚህ ጋዜጣ ሊጻፍ ይገባዋል ብዬ አሰብሁ።

ማርን ከስኳር ለይቶ ማየት በሕዝባችን ዘንድ የቆየ አስተሳሰብ ነው። ለረጅም ዘመን በአገራችን ጣፋጭ ሲባል ማር ነበር፤ ስኳር በመርከብ ተጭኖ የሚመጣ የውጭ አገር ዕቃ ነበር። የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ በወንጂ ያቋቋመው ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ በኋላ ነው ስኳር ቀስ በቀስ የየቤቱ ዕቃ የሆነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ማር የተፈጥሮ፣ ስኳር የፋብሪካ፣ ማር መድኃኒት፣ ስኳር በሽታ አድርጎ ያስባል። ነገር ግን ማር ከመቶው ሰማንያ እጅ ያህል ስኳር ነው፤ ከቀረው አብዛኛው ውሃ ነው። በማር ውስጥ ያለው ግሉኮስና ፍሩክቶስ የሚባለው ሲሆን፣ የሸንኮራ አገዳው ስኳርም ሆድ ውስጥ ገብቶ ሲፈታ የሚሆነው እነዚህኑ ሁለቱን ነው። ንብ ትሥራው ፋብሪካ ይሥራው፣ ለደከመ ቆሽት ሸክሙ አንድ ነው። በጣሳ የሚመጣው ወፍራም ጣፋጭ ወተትም ግማሽ ያህሉ ስኳር ነው።

እንግዲህ ስኳርን ከክሬም ማውጣት ለምን እንደሚያስቸግር ለመረዳት ተራውን ክሬም በሚዛን ማስቀመጥ ይበቃል። የቅቤ ክሬም ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከአንድ እጅ ቅቤና ከሁለት እጅ ዱቄት ስኳር ነው፤ ይኸውም ለ250 ግራም ቅቤ 500 ግራም ስኳር ማለት ነው። በዚህ የተቀባ ኬክ ለ16 ሰው ቢቆረስ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ከክሬሙ ብቻ 31 ግራም ስኳር፣ ማለት ስምንት የሻይ ማንኪያ ያህል ይደርሰዋል። «ለእኔ ሻዩን ያለ ስኳር» ብሎ የተጠነቀቀው እንግዳ ስምንቱን ማንኪያ በክሬም መልክ ዋጠው ማለት ነው።

ስኳሩ ግን የሚያጣፍጥ ብቻ አይደለም። ክሬሙን አወፍሮ የሚያቆመው፣ ውሃውን ይዞ ቶሎ እንዳይበላሽ የሚጠብቀው እሱ ነው። ሳካሪን የሚባለው ማጣፈጫ ከስኳር 300 ጊዜ ያህል ይጣፍጣል፤ የግማሽ ኪሎውን ስኳር ጣዕም ለማግኘት ከሁለት ግራም ያነሰ ይበቃል። መልካም፤ የቀረውን 498 ግራም ግን በምን እንተካዋለን? የዚህ ሁሉ ሥራ ጭንቅ ያለው በዚህች ጥያቄ ላይ ነው።

ማጣፈጫዎቹ የተገኙበት ታሪክ ለሥራ ቤት ንጽሕና ጥሩ ምሳሌ እንዳልሆነ በዚህ አጋጣሚ ባነሣ አንባቢ ይቅርታ ያደርግልኛል። ሳካሪን እ.ኤ.አ. በ1879 በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተገኘው፣ ኮንስታንቲን ፋልበርግ የተባለ ኬሚስት እጁን በሚገባ ሳይታጠብ ለራት ተቀምጦ ዳቦው ስለ ጣፈጠው ነው ይባላል። አስፓርቴም እ.ኤ.አ. በ1965 የተገኘው ጄምስ ሽላተር የተባለው ኬሚስት ወረቀት ለማንሣት ጣቱን ሲልስ ነው። ሱክራሎዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 በለንደን የተገኘው፣ አንድ ወጣት ተመራማሪ ቅመሙን «መርምረው» ሲባል «ቅመሰው» የተባለ መስሎት ስለ ቀመሰው ነው ተብሎ ይነገራል። ከሦስቱ አስፓርቴም እሳት ላይ ሲቆይ ጣዕሙን ስለሚያጣ ለሚበስል ነገር አይመችም፤ ሱክራሎዝ በዚህ በኩል ይሻላል።

ከዚያ የልደት በዓል በኋላ እትዬ፣ ማለት የአሠሪዬ ባለቤት፣ ማእድ ቤታቸውን ስለ ፈቀዱልኝ በየሰንበቱ ሙከራ ጀመርሁ። በመጀመሪያ ያደረግሁት ለሻይ ተብሎ በትንንሽ ከረጢት የሚሸጠውን ማጣፈጫ ከፋርማሲ ገዝቶ ከቅቤ ጋር መምታት ነበር። የጣፈጠ ቅቤ ሆነ እንጂ ክሬም አልሆነም። የከረጢቱን ጀርባ ሳነብ ደግሞ ያላሰብሁትን አገኘሁ። አንዱ ከረጢት አንድ ግራም ያህል ሲሆን የሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ጣዕም ይሰጣል፤ ከዚያ ከአንዱ ግራም ግን አብዛኛው ዴክስትሮዝ ወይም ማልቶዴክስትሪን የሚባል መሙያ ነው። ዴክስትሮዝ ማለት ራሱ ግሉኮስ ነው፤ ማልቶዴክስትሪንም በሆድ ውስጥ ቶሎ ግሉኮስ ይሆናል። ለአንድ ስኒ ሻይ ይህ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ግማሽ ኪሎ ስኳር ለመተካት 60 ከረጢት የሚያፈስ ሰው ግን በሌላ ስም ወደ 60 ግራም የሚጠጋ ያንኑ ነገር መለሰበት ማለት ነው።

ሁለተኛው ሙከራዬ ኤሪትሪቶል በሚባለው ነበር። ይህ መልኩም ሙላቱም ስኳር የሚመስል ነጭ ፍሬ ነው፤ የስኳርን ጣዕም 70 በመቶ ያህል ይሰጣል፤ የደም ስኳርንም ከፍ አያደርግም ማለት ይቻላል። መርካቶ ስፈልግ ውዬ ስላጣሁት ቦሌ ካለ አንድ መደብር አገኘሁት። በዱቄት ስኳር ፋንታ ልክ በልኩ ጨመርሁት። ሲመታ ያማረ ክሬም ሆኖ ነበር፤ በማቀዝቀዣ አድሮ ጠዋት ስንቀምሰው ግን በጥርሳችን መካከል እንደ አሸዋ ተንኮሻኮሸ፤ አፍንም እንደ ሚንት ከረሜላ አቀዘቀዘ። ምክንያቱ ይኸውና፦ በክፍል ሙቀት 100 ግራም ውሃ ስኳርን 200 ግራም ያህል ሲያሟሟ፣ ኤሪትሪቶልን የሚያሟሟው 37 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። የተረፈው ተመልሶ ፍሬ ይሆናል።

የተሳካልኝ ሦስተኛው ነው። በዚህኛው ዘዴ የስኳሩን ቦታ የሚይዘው በወተት የበሰለ ጥቂት ዱቄት ነው፤ ላዛኛ የሚሠራ ሁሉ ቤሻሜልን ስለሚያውቅ ሥራው አያስቸግረውም። 30 ግራም የፉርኖ ዱቄት በ250 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ወተት ይበጠበጥና ጓጓላ እንዳይኖረው በወንፊት ይጠለላል። ከዚያ በለስላሳ እሳት ላይ ሳያቋርጡ እያማሰሉ እንደ ሕፃን ገንፎ እስኪወፍር ያበስሉታል። ከእሳት እንደ ወረደ በቡና መፍጫ ተፈጭቶ የላመ 50 ግራም ኤሪትሪቶልና አንድ ቁንጥር ጨው ይገባበታል። ብዛቱ ከ50 ግራም እንዳያልፍ የምለው ስለዚያ አሸዋ ነው። ፊቱ ቆዳ እንዳያወጣ ላስቲክ ለጥፈውበት ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ መታገሥ ያስፈልጋል፤ እኔ አንድ ጊዜ ቸኩዬ ለብ እያለ ስጨምረው ቅቤው ቀልጦ ሁሉም ሾርባ ሆነብኝ። ጨው የሌለው 250 ግራም የገበታ ቅቤ ለብቻው እስኪነጣ ድረስ በደንብ ይመታና፣ የቀዘቀዘው ገንፎ በማንኪያ በማንኪያ እየተጨመረ መመታቱ ይቀጥላል። በመጨረሻ ቫኒላ፣ ከዚያም የጎደለውን ጣዕም ለመሙላት ፈሳሽ ሱክራሎዝ በጠብታ እየቀመሱ ነው። ከበዛ ይመራል።

ይህ ክሬም ለ16 ቁራጭ ሲደለደል፣ ከወተቱና ከዱቄቱ የሚመጣው ወደ ስኳር የሚለወጥ ነገር ለአንዱ ቁራጭ ከ2 ግራም ጥቂት ከፍ ይላል። ሠላሳ አንዱን ግራም ከዚህ ጋር ማስተያየት ነው። ሆኖም ቅባቱ እንደ ነበረ ነው፤ ደግሞም ከሥር ያለው ኬክ ራሱ ዱቄት ስለ ሆነ፣ ዱቄትም በሆድ ውስጥ ስኳር ስለሚሆን፣ ክሬሙ ተስተካከለ ተብሎ ትልቅ ቁራጭ አይቆረስም። እኛ ከሥር ያለውን ቀጭን አድርገን ያለ ስኳር ጋገርነው፤ ጋሼም አስቀድመው ሐኪማቸውን ጠየቁ። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ መጨመርና መቀነስ ከቶ አይገባም።

ለጾም ቀን ወተትና ቅቤ ስለማይሆን እትዬ ሌላ አስፈለጋቸው። በደንብ የበሰሉ ሁለት አቮካዶዎች፣ 40 ግራም ስኳር የሌለበት የካካዎ ዱቄት፣ ጥቂት የሎሚ ጭማቂና ማጣፈጫው በአንድነት ሲፈጩ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ክሬም ይወጣል፤ የአቮካዶውን ጣዕም ካካዎው ይሸፍነዋል። በተሠራበት ቀን መበላት አለበት። በካካዎ ስም የሚሸጠው ለመጠጥ የተዘጋጀው የቸኮሌት ዱቄት ግን አብዛኛው ስኳር ስለ ሆነ እንዳይሳሳቱ። ሰሊጥ ላኪ የሆኑ አንባቢዎቻችን ደግሞ ይህን ቢሞክሩ ደስ ይለኛል፦ የተቆላ ነጭ ሰሊጥ ቅባቱን እስኪያወጣ ይፈጭና ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመርበታል፤ መጀመሪያ ተቆጥቶ ይጠጥራል፣ ተስፋ ሳይቆርጡ ውሃውን ሲቀጥሉ ነጥቶ ይለሰልሳል። የሑመራን ሰሊጥ በኩንታል ወደ ውጭ ስንልክ ኖረን በራሳችን ኬክ ላይ ሳንቀባው መቅረታችን ይገርመኛል።

አሁን ወደ መደርደሪያው እንመለስ። አስመጪዎች የኬክ ክሬም ዱቄትና ፈሳሽ የአትክልት ክሬም ታስገባላችሁ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ከፋብሪካቸው ሲወጡ ስኳር ወይም የበቆሎ ሽሮፕ ገብቶባቸዋል፤ ስለዚህ ኬክ ቤቱ እኔ አንድ ማንኪያ ስኳር አልጨመርሁም ቢል እውነቱን ነው፤ ኬኩ ግን ስኳር አለበት። «ስኳር አልተጨመረበትም» የሚለውና «ከስኳር ነፃ» የሚለው ጽሑፍም አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የፍራፍሬውንና የወተቱን የራሱን ስኳር አይመለከትም፤ ሁለተኛው ግን በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ በኮዴክስ መመሪያ መሠረት በ100 ግራም ውስጥ ከግማሽ ግራም የበለጠ ስኳር እንዳይኖር ይጠይቃል። ሁለተኛውም ቢሆን ፈጽሞ አያሳርፍም። ማልቲቶል የሚባለው ማጣፈጫ በሕግ ስኳር ስላልሆነ «ከስኳር ነፃ» በተባለ ቸኮሌትና ብስኩት ውስጥ ይገባል፤ የስኳርን ያህል ባይሆንም የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ ሲበዛም ሆድ ያላላል። በማሸጊያው ላይ ኢ-965 ተብሎ በቁጥር ተጽፎ የሚገኝ እሱ ነው፤ ኤሪትሪቶል ኢ-968፣ ሱክራሎዝ ኢ-955፣ ሳካሪን ኢ-954፣ አስፓርቴም ኢ-951 ነው። ይህችን ቁጥር ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ ለጥፎ ማስቀመጥ ብዙ ዋጋ የማይጠይቅ ነገር ነው። በአገራችንም የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሸማቹን በሚያሳስት መግለጫ ምግብ መሸጥን ስለሚከለክል፣ «ማር ስኳር አይደለም መስሎኝ» የሚል መልስ ለኬክ ቤት ብዙ የሚያዋጣ አይመስለኝም።

ከስኳር ነፃ የሆነ ሁሉ ያለ ገደብ ይበላል ማለትም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ባወጣው ምክር ክብደትን ለመቆጣጠር ተብሎ እንደ ሳካሪን፣ አስፓርቴምና ሱክራሎዝ ባሉ ማጣፈጫዎች መጠቀምን አልደገፈም፤ ምክሩ ግን ቀድሞውኑ የስኳር ሕመም ያለባቸውን ሰዎች እንደማይመለከት ገልጿል። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት በደማቸው ውስጥ ብዙ ኤሪትሪቶል የተገኘባቸው ሰዎች በልብ ድካምና በአንጎል ምት ይበልጥ መጠቃታቸውን አሳይቷል፤ ምክንያቱ ማጣፈጫው መሆኑን ግን አላረጋገጠም። እኔም ክሬሙን ለዓመት በዓል እንጂ ለየቀኑ ቁርስ አልመክርም።

ከሁሉ በላይ ግን ባለሱቆች ይህን ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ። ኢንሱሊን ወይም አንዳንድ ኪኒን የሚወስድ ሰው ምግብ ሲዘገይበት የደም ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ያን ጊዜ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩም ይወላገዳል፣ ከሩቅ ሲያዩት የሰከረ ይመስላል። ለእንዲህ ያለው ሰው፣ መዋጥ የሚችል ሆኖ ሳለ፣ ወዲያው የሚሰጠው 15 ግራም ያህል እውነተኛ ስኳር ነው፤ ይኸውም በውሃ የተበጠበጠ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ወይም ተራ ለስላሳ መጠጥ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይጨመር ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። ልጅ እየሮጠ መጥቶ «አባባ ስኳራቸው ወረደ» ቢላችሁና፣ ሕመሙ የስኳር ነው ብላችሁ በደግነት ስኳር የሌለበትን ለስላሳ ብትሰጡት፣ ሰውዬው በእጃችሁ ላይ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን ዓይነት በአንድ መደርደሪያ አትደባልቋቸው፤ ለሱቅ ልጆችም ልዩነቱን አስረዷቸው።

ኬክ ቤቶችም ስለ ጥበቃው ማወቅ ይገባቸዋል። ስኳር ውሃውን ስለሚይዝ ክሬምን ከመበላሸት ይጠብቅ ነበር፤ እሱ ሲወጣ ክሬሙ ከተራ የወተት ምግብ አይለይም። በመስታወት መደርደሪያ ለዓይን ተብሎ የሚያድር ነገር አይደለም። በማቀዝቀዣ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይቆያል፤ መብራት ብዙ ሰዓት ከጠፋ መጣል ነው። ስለዚህ በትእዛዝ ብቻ መሥራት ይሻላል እላለሁ።

ዘንድሮ በጥር ጋሼ 71ኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ኬኩን የሠራሁት እኔ ነበርሁ። ቢላዋውን ሲቀበሉ መጀመሪያ ወደ እኔ አዩ። «ማር?» አሉኝ። «የለበትም ጋሼ» አልኋቸው። ቆርሰው አንዲት ቀጭን ቁራጭ በሉ፤ ሁለተኛ አልጠየቁም፣ ለሕፃንም አልሰጡም። ከመብላታቸው በፊት 128 የነበረው ልኬት ከሁለት ሰዓት በኋላ 159 ሆነ፤ በደብተሩ ላይ በቀይ ቀለም አሰመርሁበት።

እንግዶች ሲሄዱ ወደ ማእድ ቤት መጥተው ያሉት ነገር ግን ነጋዴ መሆናቸውን የሚያሳይ ነበር። «ልጄ፣ ለዚህ ኬክ በጠቅላላው ስንት ወጣበት? ለሰው ብንሸጠውስ ስንት ያወጣል?» ብለው ጠየቁኝ። ሒሳቡን በወረቀት ሠርቼ ሳሳያቸው፣ ማጣፈጫው በችርቻሮ ስለ ተገዛ ዋጋውን እንዳስወደደው አዩ። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ አስቀድሞ ያዘዙኝ ለሁለት የውጭ አገር አቅራቢዎች ደብዳቤ እንድጽፍ ነው። ዋጋ ከመጠየቃችን በፊት የእያንዳንዱን ዕቃ ሙሉ ይዘት፣ መሙያውንም ጭምር፣ በግራም ዘርዝረው እንዲልኩልን ጻፍሁ። ከአንዱ መልስ መጥቷል፤ መሙያው ማልቶዴክስትሪን ስለ ሆነ አልተቀበልነውም። የሁለተኛውን እየጠበቅን ነው።